ባለ ጸጉሩ ወይስ ሲሊኮኑ? የሽንት ቤት ብሩሽ ስንመርጥ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው። መታጠቢያ ቤታችን ጠባብ ነው፣ ውሃም በፈረቃ ነው የሚመጣው። እዚህ ብሩሽ መምረጥ ቀላል ነገር አይደለም። ሁለቱንም ዓይነት ሞክሬያለሁ።

ባለ ጸጉሩ የፕላስቲክ ብሩሽ በየሱቁ አለ፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። ፍተጋ ላይ የሚያህለው የለም። ውሃ ጠፍቶ ሲከርም መቀመጫው ውስጥ የሚደርቀውን ቢጫ ቅርፊት ፈትጎ ያነሳዋል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ጸጉሮቹ መሃል ቆሻሻና የሶፍት ቁራጭ ይሰነቀራል። እሱን ለማጠብ ሌላ አንድ ጆግ ውሃ ይሄዳል። እርጥቡን ማስቀመጫው ውስጥ ከከተቱት ደግሞ ከስር ውሃ ያቁርና ቤቱ ይሸታል።

ሲሊኮኑ ጠፍጣፋ ነው፤ ጥርሶቹ አጫጭርና ለስላሳ ናቸው። ውሃ አይመጥም። ራገፍ ራገፍ ሲያደርጉት ቶሎ ይደርቃል። ግድግዳ ላይ ስለሚሰቀል ወለል ሲወለወል አያስቸግርም፣ እንግዳ ቢያየውም ደስ ይላል። የደረቀ ቅርፊት ላይ ግን ይተጣጠፋል፣ አቅም የለውም።

እኔ ሲሊኮኑን መርጫለሁ። ቅርፊቱ ላይ ማታ ኮምጣጤ አፍስሼ አሳድራለሁ፤ ጠዋት በቀላሉ ይለቃል። አደራ፣ ኮምጣጤና በረኪና እንዳትቀላቅሉ! የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

ስትገዙ ማስቀመጫውን ገልብጣችሁ እዩት፤ ውሃ የሚያስወጣ ቀዳዳ ይኑረው። የብሩሹን አንገትም ጠምዘዝ አድርጋችሁ ሞክሩ። የእኔ የመጀመሪያው የተሰበረው እዚያ ጋ ነው።