ጫማ አጥልቆ መራገጥ፦ ሳቫትን በቴኳንዶ ላይ ስደርበው

ያደግኩት በቴኳንዶ ነው። ኪክቦክሲንግ ኋላ ላይ ነው የመጣው፤ የታይላንዱን ቦክስ ሙዋይ ታይንም ቀመስ አድርጌያለሁ። ሰሞኑን ደግሞ ሳቫት የሚባለውን የፈረንሳዮች ቦክስ የጀማሪ ኮርስ ጨረስኩ። «ሌላ ማርሻል አርት እየሠራሁ ይሄን ብደርብበት ያዋጣኛል?» ለምትሉኝ፣ አዎ ያዋጣል። ለሁሉም ግን እኩል አያዋጣም።

ከጫማው ልጀምር። ሳቫት በባዶ እግር አይሠራም። ጫማው ቀለል ያለ ነው፤ ሶሉ ስስና ጠፍጣፋ። ግዴታ የሆነው ለደንብ ልብስ ያህል አይደለም። ምቶቹ በሙሉ የተቀመሩት ጫማ ያጠለቀ እግር ታስቦ ነው። በባዶ እግር በጣት ጫፍ ብትመቱ የሚሰበረው የራሳችሁ ጣት ነው። በጫማ ሲሆን ግን ጫፉም፣ ተረከዙም፣ የውስጥ ጠርዙም የየራሳቸው ሥራ አላቸው።

ፉዌቴ የሚሉትን ምት እንውሰድ። መጀመሪያ ጉልበት ይነሳል፣ ወደ ጎን ይዞራል፣ ከዚያ ከጉልበት በታች ያለው እግር እንደ ጅራፍ ተወንጭፎ ወዲያው ይመለሳል። ቴኳንዶ የሠራ ሰው «ይሄማ ዶልዮ ቻጊ፣ የኛው የዙር ምት ነው» ማለቱ አይቀርም። ልዩነቱ ፍንትው ያለልኝ አሰልጣኙ ፓዱን (የምት መቀበያ ትራሱን) አስቀምጦ መዳፉን ብቻ ሲይዝልኝ ነው። «በጫፉ ንካኝ» አለኝ። በእግሬ የላይኛው ገጽ ስመታ ከመዳፉ በላይ የሆነ ነገር ሁሉ አብሬ እጠርጋለሁ። በጫማው ጫፍ ለመንካት ግን ከለመድኩት ቦታ ስንዝር ያህል ወደ ኋላ መቆም ነበረብኝ። ቀስ ብሎ ሲገባኝ ደስ አለኝ። ያቺ ስንዝር ትርፍ ርቀት ናት፤ ተጋጣሚ በቡጢ ሳይደርስባችሁ እናንተ ትደርሱበታላችሁ። ደግሞ ጫፉ ጠባብ ስለሆነ በክርንና በዳሌ መሃል ባለችው ክፍተት ሾልኮ ጎድን ይነካል። የእግር ገጽ እዚያ ጋ ክርን ላይ ነው የሚያርፈው፣ ክርን የመታ ሰው ደግሞ ሕመሙን ያውቀዋል።

ለእኔ ትልቁ ስጦታ ግን ዝቅ ያለው ሻሴ ነው። ሻሴ ጉልበትን ወደ ደረት ስቦ በተረከዝ ቀጥ አድርጎ መግፋት ነው፤ ፊት ለፊትም፣ በጎንም ይመታል። በሳቫት ጭንና ቅልጥም የተፈቀደ ዒላማ ነው። እኛ ቴኳንዶዎች ውድድር ላይ ከወገብ በታች መምታት ክልክል ስለሆነ የፊት እግራችንን መጠበቅ የሚባል ነገር አናውቅም። እዚያ ክፍል ውስጥ አንዲት ነጭ ጓንት ያላት ሴት ነበረች። የሳቫት ደረጃ በጓንት ቀለም ነው የሚጠራው፦ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ነጭ፣ ቢጫ እያለ ይሄዳል። የቴኳንዶ ሰው ነጭ ሲባል ጀማሪ እንዳይመስለው። ልገባባት ክብደቴን ወደ ፊት እግሬ ሳዞር ተረከዟ ጭኔ ላይ ቀድሞ ቁጭ ብሏል። አታሳምምም፤ ታቆማለች። ከፍ ያለ ምት ላነሳ ባሰብኩ ቁጥር መሬት ላይ ትቸነክረኛለች። እንዲህ ያለውን ትምህርት ቴኳንዶ ውስጥ የሚሰጣችሁ የለም።

ሌላው ቅልጥም ላይ በጫማው የውስጥ ጠርዝ የሚመታው ነው፤ ሰውነት ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ፣ እግሩ ቀጥ እንዳለ ከታች ይወዛወዛል። ፎቶ ላይ ያስቃል። ሲያርፍባችሁ አያስቅም።

የእጁ ሥራ የታወቀው ቦክስ ነው፤ ቀጥታ፣ ክሮሼ (ከጎን ዞሮ የሚመጣው)፣ አፐርካት (ከታች ወደ ላይ የሚወጣው)። መነሻው በ19ኛው ክፍለ ዘመን የፓሪስ መንገድና የማርሴይ ወደብ ጠብ ሲሆን፣ ሚሼል ካሱ በፈረንጆቹ 1825 ፓሪስ ላይ ማሠልጠኛ ሲከፍት እጅ በአብዛኛው ክፍት መዳፍ ነበር። የእንግሊዝን ቡጢ የቀላቀለበት ሻርል ሌኩር ነው፤ ከእንግሊዛዊ ቦክሰኛ ጋር ገጥሞ እጁ አንሶት ካየ በኋላ። ይሄን የማነሳው ክፍል ውስጥ ስለሚታይ ነው። እግርና እጅ እየተቀባበሉ ነው የሚሄዱት፤ ሻሴ ይገፋል፣ ቡጢ ይከተላል፣ ፉዌቴ ይዘጋል። ቡጢ ፊት ላይ በማይፈቀድበት የቴኳንዶ ውድድር ላደገ ሰው እጅን ከፍ አድርጎ መራገጥ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ሙዋይ ታይ የሚሠሩ ጓደኞቼ ግን ልብ በሉ። ሳቫት በቅልጥም መምታት አይፈቅድም። ጉልበትና ክርንም የለም፣ መተቃቀፍም የለም። አጠገቤ የነበረ የሙዋይ ታይ ልጅ በቅልጥሙ እየመታ አሰልጣኙ ደጋግሞ አስቆመው። የለመደው ኃይሉን ሁሉ ዳሌን አዙሮ በቅልጥም መክተት ነው፤ እዚህ ግን እግሩ ከጉልበት በታች ተለቆ ቶሎ መመለስ አለበት። ሁለቱን በአንድ ምሽት የሚሠራ ሰው ሁለቱንም ያበላሻል ባይ ነኝ። በተለያየ ቀን አድርጉት።

ደግሞ አሶ የሚባለው የግጥሚያ ዓይነት አለ። እዚያ የሚቆጠረው ንክኪና ንጽሕና ነው፤ በኃይል የመታ ሰው ይቀጣል። በሙሉ ኃይል የሚሠራው ኮምባ ለብቻው ነው። «እንዲህ ከሆነ ምን ዋጋ አለው?» የሚሉ አሉ። እኔ በተቃራኒው ነኝ። ነገ ሥራ የሚገባ ሰው ፊቱ ሳይበላሽ በእውነተኛ ፍጥነት ስፓሪንግ (የልምምድ ግጥሚያ) የሚሠራበት ቦታ ብዙ አይገኝም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ስሙን የማልጠራው ክፍል ሰው በዛበት። ሲመዘግቡን ጫማው ግዴታ መሆኑን ማንም አልነገረንም፤ የመጀመሪያውን ቀን ግማሾቻችን በሩጫ ጫማ ነው ያሳለፍነው። የሩጫ ጫማ ሶል ወፍራም ስለሆነ ምሰሶ የሆነው እግር ሲዞር ወለሉን ይይዝና ጉልበት ይጠመዘዛል፤ ይሄ ቀልድ አይደለም። ትእዛዙ ሁሉ በፈረንሳይኛ ነው፣ ያ ችግር የለውም፣ በቴኳንዶም ኮሪያኛ ቆጥረናል። ግን አንዴ እንኳ ሳያብራሩ በፍጥነት ሲጠሩት አዲሱ ሰው ጎረቤቱን አይቶ ነው የሚራገጠው። ሬቬር የሚባለውን የሚወዛወዝ ምት ደግሞ በመጨረሻው ሰዓት ለይስሙላ አሳዩንና አለፉት። አሰልጣኙ ግን ጎበዝ ነው፤ አንድ በአንድ እግር ይዞ ያርማል።

ቴኳንዶ ወይም ካራቴ ላላቸው ሰዎች ዓይኔን ሳላሽ ግቡ እላለሁ፤ ጉልበት አንስቶ መምታትን ስለምታውቁ ግማሹ መንገድ አልቋል። ንጹሕ ቦክሰኛም እግር መጨመር ከፈለገ ከዚህ የተሻለ በር አላውቅም። ሙዋይ ታይ ላይ ውድድር የተቃረበበት ሰው ይቆየው። ለመሄድ ከወሰናችሁ ጫማውን ከመግዛታችሁ በፊት ለአሰልጣኙ አሳዩ፣ የቅልጥም መከላከያም ያዙ፣ የት ምን ስትሠሩ እንደቆያችሁም ንገሩት። እኔ ለቀጣዩ ደረጃ ተመዝግቤያለሁ፤ ሬቬሩን በደንብ ካላስተማሩኝ ግን ሌላ ክፍል እፈልጋለሁ።