ማርቆስ ውስጥ «የደራሲያን ቤት ጉብኝት» እያሉ ብር ከሚሰበስቡት ተጠንቀቁ

ወገን ደሜ እንደፈላ ነው የምጽፈው። ሰሞኑን ቴሌግራም ላይ የሚዞረውን ማስታወቂያ አይታችሁታል፣ ደብረ ማርቆስ ያሉ የድሮ ቤቶች ታድሰው ለደራሲያን፣ ለገጣሚያንና ለቅኔ መምህራን የጋራ ማዕከል ሆነዋል፣ ማንበቢያ ክፍል አለ፣ መጻፊያ ክፍል አለ፣ መድረክ አለ፣ ኑና ጎብኙ የሚለውን። ለአንድ ሰው 900 ብር ከነምሳው፣ በቴሌብር ቀድሞ የሚከፈል። እንዳትከፍሉ። ማዕከል የሚባል ነገር የለም።

በምን እንደሚይዙን ያውቃሉ። ሐዲስ ዓለማየሁ የተወለዱበት እንዶዳም ከዚሁ ከማርቆስ ወጣ ብሎ ነው፣ ገጣሚውና ጸሐፌ ተውኔቱ ዮፍታሔ ንጉሤም የደብረ ኤልያስ ሰው ናቸው፣ ዲማ፣ ዋሸራ፣ ጎንጅ ብሎ የቅኔውን ቤት መቁጠር ነው። ይህን ሁሉ ሰው ያበቀለ አገር ለጽሁፍ ሰው ቁጭ የሚልበት አንድ ደህና ቤት አጥቶ ስንት ዘመን ኖሯል፣ ስለዚህ ተከፈተ ሲባል ሰው ደስ ብሎት ነው የሚመጣው። ይሄንን ደስታ ነው የሸጡት፣ እኔን የሚያንገበግበኝም ከብሩ ይልቅ እሱ ነው።

ከመክፈሌ በፊት ደውዬ ጠይቄያለሁ። አጎቴ በልጅነታቸው ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የተማሩ ናቸው፣ ይዣቸው ብመጣ መድረኩ ላይ ቅኔ ማቅረብ ይችላሉ ወይ አልኳት። ሴትዮዋ ስልኩ ላይ ማር ነች፣ «እንዴ በደስታ ነዋ! እንዲህ አይነት አባት እኮ ነው የምንፈልገው፣ ይዘሃቸው ና» አለችኝ። ጋሼ ይህን ሲሰሙ መንገዱ እንዲህ በሚያስፈራበት ጊዜ ከደብረ ኤልያስ ድረስ መጡ፣ ጋቢያቸውን አሳጥበው፣ መወድስ የሚባለውን ባለ 8 ቤት ቅኔ አዘጋጅተው በወረቀትም ገልብጠው።

አስጎብኚው ገና ከጅምሩ ንቀቱን አሳየን። ከጎጃሙ ንጉሥ ከተክለ ሃይማኖት ቤተ መንግሥት ውጭ አቁሞን ንጉሡን ያነገሷቸው ምኒልክ ናቸው ብሎ ለዚያ ሁሉ ሰው ያወራል። ጋሼ ቀስ ብለው «ልጄ፣ ያነገሷቸውስ አፄ ዮሐንስ ናቸው፣ በ1873። ከምኒልክ ጋርማ በዓመቱ እምባቦ ላይ ተዋግተው ተማረኩ» አሉት። ልጁ አመሰግናለሁ የለ ይቅርታ የለ፣ «አባባ ፕሮግራሜን አያበላሹብኝ» ብሎ ጀርባውን ሰጣቸው። እዚያው መመለስ ነበረብን የሚል ይኖራል፣ ግን ሁሉም ሰው የመጣው ለማዕከሉ ነው፣ ብሩም ተከፍሏል።

ምሳውን እለፉት፣ ሽሮ ነው።

ከዚያ ማዕከል ወደተባለው ግቢ ወሰዱን። ቤቱስ ቤት ነው፣ የድንጋይ ግንብ፣ ሰፋፊ የእንጨት መስኮት ያለው፣ እውነትም ቢያድሱት ልብ የሚሞላ ቤት። በር ላይ ጠረጴዛ ተዘርግቶ አንዲት ልጅ ከመጽሐፍ ክምር ኋላ ተቀምጣለች። ልንገባ ስንል «መግቢያው መጽሐፍ ነው፣ አንዱ 400 ብር፣ ያልገዛ አይገባም» አለች። 900 ብሩስ? «እሱ የጉብኝቱ ነው»። ሰው ተንጫጫ፣ ግማሹ ተመለሰ፣ እኔ ጋሼን ከዚያ ሁሉ መንገድ በኋላ በር ላይ አላቆማቸውም ብዬ ለሁለታችን 800 ብር ከፈልኩ። ከፍዬ ደረሰኝ ብላት የለም።

ቁልፉ ተከፈተ። ውስጥ ያለውን ልንገራችሁ፣ አንዱ በአንዱ ላይ የተደራረበ የፕላስቲክ ወንበር፣ ጥግ ላይ አፉ የተቀደደ የሲሚንቶ ከረጢት፣ ግድግዳው ላይ ማስታወቂያው ላይ ያያችሁት ባነር። በቃ። ቀለም የተቀባው ባነሩ የተሰቀለበት ግድግዳ ብቻ ነው፣ ለካ ፎቶውን የሚያነሱት እዚያ ጋ ነው። መደርደሪያ የለም፣ አንድ መጽሐፍ የለም። ማንበቢያ ክፍሉ የታል ስንል አስጎብኚው «በሂደት ላይ ነው» ብሎ ስልኩን ይነካካል።

ጋሼ ወረቀታቸውን ይዘው ወደ በሩ ተመለሱና ልጅቷን መድረኩ የት እንደሆነ ሊጠይቋት ጎንበስ አሉ። ቀና ብላ እንኳ አላየቻቸውም። ጋቢውንና የተዘረጋውን እጅ ብቻ አይታ «አባባ እዚህ መለመን አይቻልም፣ ውጭ ይሁኑ» አለቻቸው። ቅኔ የያዘ እጅ ነው እኮ! ጋሼ ዝም አላሉም፣ «ልጄ፣ ከፍዬ ነው የገባሁት፣ ቅኔ ዝረፍ ተብዬ ነው የመጣሁት» አሏት። ያኔ ቀና አለችና አስጎብኚውን አይታ ሳቀች፣ እሱም ሳቀ። እኔ ጮህኩ፣ ጥበቃው መጥቶ ክንዴን ያዘ፣ ግቢው ይዘጋል ውጡ ተባልን። እኚህን አባት ጉባኤ ቃና የምትባለዋን ባለ ሁለት ቤት አጭር ቅኔ እንኳ ሳያሰሙ፣ አንድ ሰው «ይበል» ሳይላቸው፣ እንደ ሌባ አስወጧቸው።

ያቺ ስልክ ላይ ማር የነበረችው ሴትዮ ብሬን መልሱ ስላት «ምሳ በልታችሁ የለ እንዴ፣ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ» አለችኝና ብሎክ አደረገችኝ። መጽሐፉን ደግሞ ማታ ከፈትኩት፣ በስቴፕለር የተመታ ፎቶ ኮፒ ነው፣ ከገጽ 16 ቀጥሎ ገጽ 25 ይመጣል።

ምክር ከተባለ፣ በግለሰብ ስም በተከፈተ ቴሌብር ቀድማችሁ አትክፈሉ፣ ቤቱን በአይናችሁ ሳታዩ፣ ንግድ ፈቃድ ሳትጠይቁ፣ ደረሰኝ ሳትቀበሉ ብር አይውጣ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 ሸማች በትህትናና በአክብሮት የመስተናገድ፣ ከስድብና ከማንጓጠጥ የመጠበቅ መብት አለው ይላል፣ ትክክለኛ መረጃ ማግኘትም መብታችን ነው።

እኔ የቴሌብር መልእክቱንና ባነሩን በፎቶ ይዤ ሰኞ ጠዋት ንግድ ጽህፈት ቤት እገባለሁ። በዕለቱ አብራችሁኝ የነበራችሁ፣ በተለይ በር ላይ የተመለሳችሁት፣ የከፈላችሁበትን ስክሪንሾት በኢንቦክስ ላኩልኝ፣ ብዙ ሆነን ብንገባ ይሻላል። ጋሼም እመሰክራለሁ ብለዋል፣ እስከ ሰኞ እኔ ጋ ናቸው።