ሲንጋፖር ውስጥ በምን ልንቀሳቀስ? የቱሪስት ካርድ፣ ተራ ካርድ፣ የባንክ ካርድ ወይስ ግራብ

ሰሞኑን ሲንጋፖር የሚሄድ ሰው በዝቷል። አንዱ ለሥልጠና፣ አንዱ ለንግድ፣ አንዱ ወደ አውስትራሊያ ሲያልፍ ሁለት ቀን ሊያድር። ደውለው የሚጠይቁኝ ግን ያው ነው፦ «ከኤርፖርት በምን ልውጣ? የትኛውን ካርድ ልግዛ?» ለእያንዳንዱ ከማስረዳ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

መልሴን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ተራውን፣ ሒሳብ እየሞሉ ባቡርና አውቶቡስ የሚሳፈሩበትን ኢዚ ሊንክ የሚባል ካርድ ግዙ። የቱሪስት ካርዱን ተዉት። ይሄን ያወቅኩት ገንዘቤን አስበልቼ ነው።

የመጀመሪያ ጉዞዬ ላይ ቻንጊ ኤርፖርት የደረስኩት በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ነው። ሻንጣዬን እየጎተትኩ በተርሚናል 2 እና 3 መካከል ወዳለው የባቡር ጣቢያ ወረድኩ። ለሦስት ቀን ያለ ገደብ የሚያሳፍር የቱሪስት ካርድ አለ፣ 29 ዶላር ነው አሉኝ። ያለ ገደብ ሲባል ደግሞ ማን ይጠላል? ገዛሁ። ባቡር ይዤ ሊትል ኢንዲያ የሚባል ሰፈር ወረድኩና ተኛሁ። ለካ ካርዱ ቀን የሚቆጥረው በ24 ሰዓት አይደለም። የዕለቱ አገልግሎት ሲያበቃ ቀኑም አብሮ ያበቃል። ጠዋት ስነቃ ከሦስቱ ቀን አንዱ አልቋል። ሁለት ዶላር ገደማ ለሚያወጣ ጉዞ አሥር ዶላር የሚጠጋ ከፈልኩ ማለት ነው። በሻጩ አልፈርድም፤ ደቃቁን ጽሑፍ ያላነበብኩት እኔው ነኝ።

ሌሊቱን ባልቃጠልም ጠዋት ሒሳብ መሥራቴ አልቀረም። የቱሪስት ካርዱ የአንድ ቀኑ 17፣ የሁለት ቀኑ 24፣ የሦስት ቀኑ 29 ዶላር ነው። (እዚህ ዶላር ስል የሲንጋፖሩን ነው፤ ከአሜሪካው ያንሳል።) ተራ ካርድ ይዞ የሚሳፈር ሰው ደግሞ ለአጭሩ ጉዞ 1.30 አካባቢ ይከፍላል። ከከተማዋ ዳር እስከ ዳር የሚወስደው ረጅሙ ጉዞ 2 ዶላር ተኩል አካባቢ ነው። መሃል ከተማ አድራችሁ ማሪና ቤይ፣ ቻይናታውን፣ ኦርቻርድ ብትመላለሱ አንዱን ጉዞ 1.50 ብላችሁ ያዙት። በሦስት ቀኑ ካርድ ለማትረፍ በየቀኑ ከስድስት ጊዜ በላይ መሳፈር አለባችሁ። በአንድ ቀኑ ካርድማ አሥራ ሁለት ጊዜ! በቀን አሥራ ሁለት ጊዜ የሚሳፈር ጎብኚ አይቼ አላውቅም፤ ወያላ ካልሆነ።

ያውም አሥራ ሁለቱ ላይበቃ ይችላል። እዚያ ሒሳቡ የሚቆረጠው በርቀት ነው። ከአውቶቡስ ወርዳችሁ በ45 ደቂቃ ውስጥ ባቡር ብትይዙ እንደ አንድ የቀጠለ ጉዞ ይታሰብላችኋል። እንደ አዲስ አበባ ከመገናኛ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ሳር ቤት እያሉ በየታክሲው እንደ አዲስ መክፈል የለም።

አሁን ወደ ተራው ካርድ። 10 ዶላር ነው። አምስቱ የፕላስቲኩ ዋጋ ነው፣ አይመለስም። አምስቱ ውስጡ ያለ ሒሳብ ነው። ጣቢያው ቲኬት ቢሮ ወይም ሰቨን ኢለቨን ሱቅ ይሸጣል። ሲያልቅ ማሽኑ ላይ በጥሬ ገንዘብ ትሞላላችሁ። አምስት ዓመት ያገለግላል። ስም የለበትም። ይሄን «ስም የለበትም» የምትለዋን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ስትገዙ ግን ዓይነቱን ጠይቁ፤ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የጣቢያው መግቢያ በር ላይ ስታስጠጉት የተቆረጠውንና የቀረውን ሒሳብ ያሳያችኋል። ሌላው፣ ሲምፕሊጎ የሚባለው፣ በሩን ይከፍትላችኋል እንጂ ትንፍሽ አይልም፤ ሒሳባችሁን የምታዩት በስልክ መተግበሪያ ነው። በጥር 2024 እ.ኤ.አ. መንግሥት ሒሳብ የሚያሳየውን ላስቀር ብሎ ነበር። ሕዝቡ አጉረመረመ፤ ስንት እንደተቆረጠብኝ እዚያው ልየው አለ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ውሳኔው ተቀለበሰ። አሮጌውን አሠራር ለማቆየት ብቻ 40 ሚሊዮን ዶላር ተመደበ። ሀብታም አገር ሆኖ ሳንቲሙን ዓይኑ ሥር የሚፈልግ ሕዝብ ደስ ይለኛል። እኔም የምመርጠው የሚያሳየውን ነው።

ካርድ አልገዛም፣ በጥሬ ገንዘብ እከፍላለሁ የሚል ካለ ባቡሩ አይሆንለትም። የአንድ ጉዞ ቲኬት ከ2022 ወዲህ ቀርቷል። አውቶቡስ ላይ ብር መጣል ይቻላል፣ መልስ ግን የለም።

አውቶቡስን ካነሳን አይቀር፣ እዚያ «ወራጅ አለ!» ብሎ መጮህ የለም። ቀይ ቁልፍ ትጫናላችሁ፣ ከዚያ በኋለኛው በር ስትወርዱ ካርዱን እንደገና ታስጠጋላችሁ። ይህቺን ሁለተኛዋን ረስቼ ወርጄ አውቃለሁ። ሦስት ፌርማታ ነበር የሄድኩት። እስከ መጨረሻው ፌርማታ እንደሄድኩ ተቆጥሮ ተቆረጠብኝ። ከዚያ በኋላ ካርዱን የያዘው እጄ ከመውረጃው በፊት ተዘርግቶ ይጠብቃል።

የባንክ ካርድስ? ቪዛ ወይም ማስተርካርድ በቀጥታ በሩ ላይ ማስጠጋት ይቻላል። እውነቱን ለመናገር ለአጭር ቆይታ ርካሹ ይሄ ነው። ከውጭ አገር የወጣ ካርድ በተጠቀማችሁበት ቀን ሁሉ 60 ሳንቲም ይጨመርበታል። አምስት ቀን ብትቆዩ 3 ዶላር ነው፤ ከኢዚ ሊንኩ ፕላስቲክ በ2 ዶላር ይሻላል። ስምንት ቀን ድረስ ያዋጣል፣ ከዘጠነኛው ቀን ጀምሮ ተራው ካርድ ይቀድማል። ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ያላችሁ ዘመዶቼ፣ ካርዳችሁ ያለ ንክኪ የሚከፍል ከሆነና ባንካችሁ ለውጭ ክፍያ የማይቆርጥባችሁ ከሆነ እሱን ተጠቀሙ፣ አልከራከርም።

ከአዲስ አበባ ለሚሄድ ግን አልመክርም። ለጉዞ ብዬ ያወጣሁትን የዶላር ካርድ በሩ ላይ ሳስጠጋ ቀይ መብራት በራ። ደገምኩ፣ ቀይ። ከኋላዬ ሥራ የረፈደበት ሰው ሁሉ ተሰልፏል። አንዲት እናት ፈገግ ብለው ወደ ቲኬት ቢሮው ጠቆሙኝ። ደግሞ አንድ ካርድ ለአንድ ሰው ነው፤ ባልና ሚስት በአንድ ካርድ ተከታትለው አያልፉም። ልጅ ከሆነና ቁመቱ ከ90 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ በነፃ ነው።

ግራብ ማለት የእኛው ራይድ ነው። ዋጋውን አስቀድሞ ያሳያል። ዝናብ ሲጥል ደግሞ ዋጋው ሽቅብ ይወጣል፤ ሲንጋፖር ውስጥ ዝናብ ብርቅ አይደለም። ተራው ታክሲ በቆጣሪ ነው የሚሠራው፣ ድርድር የለም። ግን ቆጣሪው ላይ የማታዩት ጭማሪ አለ፤ ከኤርፖርት ሲነሳ ጭማሪ፣ ሰው በሚበዛበት ሰዓት 25 በመቶ፣ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት 50 በመቶ። ከቻንጊ መሃል ከተማ ከ20 እስከ 40 ዶላር ይወጣል። በባቡር ሁለት ዶላር ነው! 36 ቁጥር አውቶቡስም ከኤርፖርት ተነስቶ ኦርቻርድ ድረስ በዚያው ዋጋ ይወስዳል፤ ይዘገያል እንጂ መስኮት አለው።

ታክሲ የምፈቅድላችሁ ለሁለት ሁኔታ ብቻ ነው። ሦስት አራት ሆናችሁ ሻንጣ ከበዛ፣ ወይም ባቡር ካመለጣችሁ። የመጨረሻው ባቡር ከቻንጊ የሚወጣው በእኛ ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ነው።

ባቡሩ ውስጥ ደግሞ አትብሉ፣ ውሃም እንኳ አትጠጡ። ቅጣቱ እስከ 500 ዶላር ነው። ቆሎ ቋጥራችሁ ከሆነ ሻንጣ ውስጥ ይቆይ። ማስቲካማ ወደ አገሩ ማስገባት ከ1992 ጀምሮ ክልክል ነው።

ስለ መድረሱ ብዙ አልልም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ፣ ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አያስፈልግም። ግን ቢጫ ካርዳችሁን አትርሱ። የቢጫ ወባ ክትባት ከኢትዮጵያ ለሚመጣ ግዴታ ነው፣ የሚሠራውም ከተወጉ ከአሥር ቀን በኋላ ነው። ዋዜማው ላይ ሮጦ መከተብ ዋጋ የለውም፤ እስከ ስድስት ቀን ለይተው ሊያቆዩዋችሁ ይችላሉ።

ገንዘብ የሚበላው ሌላው ቦታ የመግቢያ ቅጹ ነው። ሲንጋፖር ከመድረሳችሁ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ውስጥ በኢንተርኔት የሚሞላ ቅጽ አለ። ነፃ ነው። ድርብ መስመር አስምሩበት፣ ነፃ! የአክስቴ ልጅ ስልኳ ላይ ስትፈልግ መጀመሪያ የወጣላትን ገጽ ከፈተች። አርማው፣ ቀለሙ፣ ሁሉም መንግሥት ይመስላል። መጨረሻ ላይ የ«ማስፈጸሚያ» ብሎ የካርድ ቁጥር ጠየቀ። ከፈለች። ለአንድ ሳምንት የኢዚ ሊንክ መሙያ የሚበቃ ብር እልም አለ። የኢሚግሬሽኑ አድራሻ የሚያበቃው በ«ጎቭ ነጥብ ኤስጂ» ነው። መጨረሻው ሌላ ከሆነ ዝጉት።

አሁን ወደዚያች ስም የሌላት ካርድ ልመለስ። እኔ ከሁለተኛው ጉዞዬ ስመለስ ውስጧ ስድስት ዶላር ነበራት። ለሥልጠና ለሚሄድ ጓደኛዬ ሰጠሁት። እሱ ሞልቶ ተጠቅሞ ለዚያችው የአክስቴ ልጅ አቀበላት። ፕላስቲኩን አምስት ዶላር የከፈልኩት አንዴ ነው፣ የተጓዝንበት ሦስት ሰው። ጥጓ ትንሽ ተሰንጥቃለች ግን ትሠራለች። አሁን ቦሌ ሚካኤል አንድ መሳቢያ ውስጥ ናት፣ 3 ዶላር ከ40 ሳንቲም አላት። ቀድሞ የሚሄድ ይደውልልኝ።