ከቀዶ ሕክምናው በፊት «ቆይ» ላሉኝ ሁለት ባለሙያዎች

ይህን የምጽፈው የፕሮስቴት ካንሰር ተገኝቶብኝ የረዱኝን አንዲት የዩሮሎጂ (የሽንት አካላትና የፕሮስቴት) ሐኪምና አንድ ፓቶሎጂስት፣ ማለትም ከሰውነት የተወሰደ ናሙና በማይክሮስኮፕ የሚመረምር ባለሙያ፣ ለማመስገን ነው። ሁለቱም ስማቸው በአደባባይ እንዳይወጣ ስለጠየቁኝ እዚህ አልጠራቸውም። ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ የሚፈልግ ሰው በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ፣ እነግረዋለሁ። ስም ባይጠራም ምን ዓይነት ሐኪም መፈለግ እንዳለባችሁ ከዚህ ትለያላችሁ ብዬ ነው በዝርዝር የምጽፈው።

ዕድሜዬ 62 ነው። ምንም አያመኝም ነበር። በመደበኛ የደም ምርመራ ላይ ፒኤስኤ የሚባለው 6.8 ሆኖ ተገኘ። ፒኤስኤ የፕሮስቴት ዕጢ (በወንዶች ከፊኛ ሥር ያለው) የሚያመነጨው ፕሮቲን ነው። ከ4 ሲያልፍ ሐኪሞች መጠርጠር ይጀምራሉ። ከፍ የሚያደርገው ግን ካንሰር ብቻ አይደለም። ዕጢው በዕድሜ ሲተልቅ ይጨምራል። ኢንፌክሽን ሲኖርም ይጨምራል። ከ4 እስከ 10 ባለው መሃል ከሚገኙት ወንዶች፣ ናሙና ሲወሰድላቸው ካንሰር የሚገኝባቸው ከአራቱ አንዱ ገደማ ናቸው።

እኔ አንዱ ሆንኩ። ከዕጢው 12 ቦታ ናሙና ተወሰደ። በሁለቱ ላይ ካንሰር አለ፣ ግሊሰን 3+4 ነው ተባለ (የካንሰሩ ክፋት የሚለካበት ነጥብ ነው፤ ኋላ እመለስበታለሁ)። ያን ጊዜ ያየኝ ሐኪም ወረቀቱን አንብቦ «ገና ጅምር ላይ ነው፤ ቶሎ እናውጣው» አለና ቀን ሊይዝልኝ ተነሳ። በቅን ልቦና ያለው ይመስለኛል። ሆኖም ከክፍሉ ስወጣ ከ«ካንሰር» እና ከ«እናውጣው» በቀር ጆሮዬ ውስጥ የቀረ ነገር አልነበረም።

ቤተሰብም ያው ነው። «ካንሰር ካለ ምን ይጠበቃል? አውጥተህ ተገላገል!» አንዱ ዘመዴማ ኦፕራሲዮኑን እሱ የሚያደርገው ይመስል በየቀኑ ይደውላል። ሌላው ደግሞ ቢላ ከነካው ይሰራጫል ብሎ ያስፈራራኛል። (ይሄኛው ወሬ መሠረት የለውም፤ ዶክተሯንም ጠይቄ አረጋግጫለሁ።) እንቅልፍ አጣሁ።

ሌላ ሐኪም እንዲያየኝ የገፋፋችኝ ባለቤቴ ናት። ዶክተሯ ጋ የደረስነው በእሷ ጉትጎታ ነው።

ዶክተሯ በዕድሜ ከልጄ ብዙም አይበልጡም። እውነቱን ለመናገር ስገባ ትንሽ አፍሬ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ለወጣት ሴት እንዴት አድርጎ ይወራል? እሳቸው ግን ገና ከመቀመጤ «ጋሼ፣ ለመወሰን ጊዜ አለዎት» አሉኝ። ያቺ አንድ ዓረፍተ ነገር ልቤን መለሰችው። እንደ እኔ ያለው ጅምር ካንሰር በአብዛኛው አዝጋሚ ነው። ለማሰብ የሚወሰዱ ጥቂት ሳምንታት ጉዳት አያመጡም። ኦፕራሲዮን ቢወሰን እንኳ ናሙና የተወሰደበት ቦታ እስኪሽር ሳምንታት መጠበቅ የተለመደ ነው። ይህን ከዚያ በፊት የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ጥያቄ መጣ። ሌሊት ለሽንት ስንቴ እነሳለሁ? ልቤ፣ ስኳሬ፣ ደም ግፊቴ እንዴት ነው? አባቴ ወይም ወንድሞቼ ፕሮስቴት ታመው ያውቃሉ? በእናቴ በኩል የጡት ወይም የማህፀን እንቁልጢ ካንሰር የያዛት ሴት አለች? ይሄ የመጨረሻው ገርሞኝ ነበር። ለካ ብራካ 2 የሚባል ዘረመል አለ። ጉድለት ሲኖርበት ሴቶቹን ለጡትና ለእንቁልጢ፣ ወንዶቹን ደግሞ ለከረር ያለ የፕሮስቴት ካንሰር ያጋልጣል። በእኛ ቤት የለም። ቢኖር ኖሮ ምክራቸው ሌላ ይሆን እንደነበር ነገሩኝ። ስለ ወሲብም ልክ ስለ ደም ግፊት እንደሚጠይቁት አድርገው ጠየቁኝ። ባለቤቴ አጠገቤ ነበረች፤ እኔ ስንተባተብ እሷ መለሰችላቸው።

ከሁሉ በፊት ያዘዙት ግን ስላይዶቹ በሌላ ሰው እንዲነበቡ ነው። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም መሰለኝ። ከእኛ የተወሰደው ናሙና ሰም ውስጥ ተደርጎ፣ በስሱ ተቆርጦና መስታወት ላይ ተለጥፎ ይቀመጣል። ታካሚው ለሁለተኛ ንባብ ልዋሰው ብሎ መጠየቅ ይችላል። የመጀመሪያው ላብራቶሪ ትንሽ አንገራገረ። ደብዳቤ ሲመጣለት ሰጠኝ።

ፓቶሎጂስቱን እስከ ዛሬ በአካል አላገኘኋቸውም። ታካሚ የማያየው ባለሙያ ናቸው፤ ከማይክሮስኮፕ ጀርባ ነው የሚውሉት። ለዚህም ይመስለኛል ማንም የማያመሰግናቸው። የእኔን ውሳኔ የቀየረው ግን የእሳቸው አንድ ገጽ ጽሁፍ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግሊሰን የሚባለው ነጥብ የመጣው ከአሜሪካዊው ፓቶሎጂስት ዶናልድ ግሊሰን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ። የካንሰሩ ሕዋሳት ምን ያህል ከጤነኛው መልክ እንደራቁ ይለካበታል። የሚደመሩት ሁለት ቁጥሮች ናሙናው ላይ ለታዩት ሁለት ዋና መልኮች የተሰጡ ናቸው፤ በብዛት የታየው ቀድሞ ይጻፋል። ዛሬ በናሙና ላይ የሚሰጠው ዝቅተኛው 3+3፣ ማለትም 6 ነው። ከፍተኛው 10 ነው። 6 ሆኖ የሚቆይ ካንሰር ወደ ሌላ አካል የመዛመት ዕድሉ እጅግ አነስተኛ ነው። 3+4 ከሆነ ግን ውስጡ ጠባየ ክፉ የሆነ ክፍል አለ ማለት ነው፤ ሐኪሞችም ወደ ሕክምና ያዘነብላሉ። በወረቀት ላይ የአንድ ቁጥር ልዩነት ነው፤ ለእኔ ግን ልዩነቱ በመቀደድና ባለመቀደድ መካከል ነበር።

ፓቶሎጂስቱ መጀመሪያ ካንሰር መሆኑን አረጋገጡ። ጤነኛ የፕሮስቴት ቱቦ ዙሪያውን የሚያቅፉት ሕዋሳት አሉ። ካንሰር ሲሆን እነሱ ይጠፋሉ፤ በልዩ ቀለም ሲታይ ይለያል። ከዚያ 4 የተባለውን ቦታ መረመሩ። አራት የተባለው ቱቦዎቹ በሰያፍ ስለተቆረጡ ነው ብለው ጻፉ። ቧንቧን ቀጥ አድርገው ቢቆርጡት ክብ አፉ ይታያል፤ በሰያፍ ቢቆርጡት ቅርጹ የተዛባ ይመስላል። ተከታዮቹን ቁርጦች አንድ በአንድ አይተው 3+3 ብለው ፈረሙ። ስለ መጀመሪያው አንባቢ ግን አንድ ክፉ ቃል አልጻፉም። «በዚህ ቦታ ላይ ባለሙያዎች ሊለያዩ ይችላሉ» ነው ያሉት። ይህን ጨዋነት ወድጄዋለሁ።

ናሙና የተወሰደበት ደም እስኪጠራ ተጠብቆ ኤምአርአይ ተነሳሁ። ለአንድ ቦታ ከአምስት ሦስት የጥርጣሬ ነጥብ ተሰጠው። ይሄም ነው አይባልም፣ አይደለምም አይባልም። ከዕጢው ውጭ የወጣ ነገር ግን አልታየም።

አሁን ወደ ትልቁ ቀጠሮ ልምጣ። ዶክተሯ ሁለታችንንም አስቀምጠው ወረቀት አወጡ። ፕሮቴክት ስለሚባል የብሪታንያ ጥናት ነገሩን። ካንሰራቸው በጊዜ የተገኘ 1,643 ወንዶች በዕጣ ለሦስት ተከፈሉ፤ ክትትል፣ ቀዶ ሕክምና፣ ጨረር። የ15 ዓመቱ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2023 ወጣ። በፕሮስቴት ካንሰር የሞቱት በሦስቱም ወገን ከመቶ ሦስት ገደማ ነበሩ። እኔ እዚህ ላይ «እንግዲያውስ አለቀ!» ብዬ ልነሳ ነበር።

«አላለቀም» አሉኝ። ካንሰሩ ወደ ሌላ አካል የተዛመተባቸው በክትትል ላይ ከነበሩት 9.4 በመቶ፣ ከተቀደዱት 4.7 በመቶ፣ ጨረር ከወሰዱት 5 በመቶ ናቸው። ማለትም እጥፍ ገደማ። ክትትል ላይ ከነበሩትም ከመቶ ስልሳ ያህሉ በ15 ዓመቱ ውስጥ ኋላ ላይ ወደ ሕክምና ገብተዋል። በሌላ በኩል የያኔው ክትትል በዋናነት ፒኤስኤ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። አሁን ኤምአርአይና ተደጋጋሚ ናሙና ስላለ ጠበቅ ይላል። ይህን ሁሉ የነገሩኝ ወደ አንዱ ወገን ሳይጎትቱኝ ነው። የሚያጽናናኝን ብቻ መርጠው ቢነግሩኝ ኖሮ ያን ቀን ደስ ብሎኝ እሄድ ነበር፤ እምነቴ ግን እስከ ዛሬ አይዘልቅም።

ቀጥለው የኦፕራሲዮኑን ዋጋ ነገሩን። ዕጢው ተቀምጦ የሚገኘው ሽንትን ከሚይዘው ጡንቻ አጠገብ ነው። ለወንድነት የሚያስፈልጉት ነርቮችም በግራና በቀኙ ያልፋሉ። አንድ ሁለት ሳምንት የሽንት ቱቦ ተደርጎ ይቆያል። በዚያው ጥናት ከተቀደዱት መካከል በስድስተኛው ወር ለሽንት መቀበያ ፓድ የሚጠቀሙት ከመቶ 46 ነበሩ። በስድስተኛው ዓመት 17 ሆኑ። ለግንኙነት የሚበቃ ጥንካሬ የነበራቸው ከመጀመሪያው ከመቶ 67 ሲሆኑ፣ በስድስተኛው ወር የተቀደዱት ወደ 12፣ ክትትል ላይ ያሉት ወደ 52 ወርደዋል። ዘር ፈሳሽ ደግሞ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ጭራሽ አይኖርም። ነርቭ የማትረፍ ዘዴ አለ፤ ዋስትና ግን አይደለም። በሮቦት መቀደድ ይሻል እንደሆነ ጠየቅኩ። «ከማሽኑ ይልቅ የሚያሠራውን ሰው ልምድ ይጠይቁ» አሉኝ። ባለቤቴ ወዲያው «እርስዎ በዓመት ስንት ያደርጋሉ?» አለቻቸው። እኔ ተሸማቀቅኩ፤ እሳቸው ሳይቆጡ ቁጥሩን ነገሯት።

ክትትልን መረጥኩ። በየስድስት ወሩ ፒኤስኤ፣ በየጊዜው ኤምአርአይ፣ ሲያስፈልግም እንደገና ናሙና። ነጥቡ ከፍ ካለ ወይም በምስሉ ላይ ያለው ቦታ ከሰፋ እቀደዳለሁ፤ በዚህ ተስማምተናል። ከምርመራ በፊት ያለው ሳምንት አሁንም ይከብደኛል። ይህን የማይችል ሰው አለ። ለእሱ ማውጣቱ ትክክለኛ ውሳኔ ሊሆን ይችላል፤ ዶክተሯም እንዲህ ያለውን ሰው ፈሪ አይሉትም።

ኦፕራሲዮን የሚጠሉ ሐኪም እንዳይመስሏችሁ። እዚያው ተራ ስጠብቅ ያገኘሁት ሰው ነጥቡ 4+3 ነበር፤ ጠባየ ክፉው ክፍል የሚበዛበት ማለት ነው። እሱን «መቆየቱን አልመክርም» አሉት፤ ጨረርና ቀዶ ሕክምናን አስመርጠውት መቀደዱን መረጠ። ገና ሳይገባ የሽንት መያዣ ጡንቻን የማጠንከር ልምምድ አስጀምረውታል። አሁን ደህና ነው፤ እንዲያውም ከእኔ በላይ የሚያመሰግናቸው እሱ ነው።

ቅሬታ የለኝም አልልም። ቀጠሮ በሰዓቱ አይገባም። ለእያንዳንዱ ሰው ጊዜ ስለሚሰጡ ወረፋው ይንቀራፈፋል፤ ግማሽ ቀን ባዶ አድርጋችሁ ሂዱ። ስልካቸውም ቶሎ አይነሳም። የፓቶሎጂው ንባብ ከጠበቅኩት በላይ ቆይቷል።

የምትሄዱ ከሆነ የፒኤስኤ ውጤቶቻችሁን ሁሉ ከነቀናቸው ያዙ፤ አንዱ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይነግራቸውም። የፕሮስቴት ዕጢ ለማሳነስ ፊናስቴራይድ የምትወስዱ ከሆነ ሳትጠየቁ ተናገሩ። መድኃኒቱ ፒኤስኤን በግማሽ ገደማ ስለሚቀንስ ንባቡን ያሳስታል። የናሙናውን ሙሉ ሪፖርት እንጂ ማጠቃለያውን ብቻ አትያዙ። ከተቻለ ደግሞ ሳያፍር የሚጠይቅ ሰው ይዛችሁ ግቡ።