ጫት ወይስ ማሽላ? መንገድ ሲዘጋ የሐረር ዙሪያ ገበሬ በየትኛው ይቆማል

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ወደ አገራችን ሲገባ ሶማሊያ በረራ ዘጋች፤ ጫት ጫኝ አውሮፕላኖችም አብረው ቀሩ። በሐረር አጠገብ ላለው፣ ጫት ወደ ውጭ ለሚላክበት የአወዳይ ገበያ የሚያመርተው ገበሬ ክፉኛ ተመታ። ጫት ጊዜ አይሰጥም። ተቆርጦ፣ ታስሮ፣ እርጥበቱን እንዲይዝ በቅጠል ተጠቅልሎ በሁለት ሦስት ቀን ሸማች እጅ ካልገባ ይጠወልጋል፤ የጠወለገ ደግሞ ገዢ የለውም። የቀጣፊው፣ የአሳሪውና የጫኚው እንጀራም በዚያች ጥድፊያ ላይ የቆመ ነው። በደህናው ቀን ግን ጫት ከዚያው ማሳ የሚያስገባውን ብር ማሽላ አይደርስበትም፤ ይህን መካድ ገበሬውን አለማወቅ ነው።

ማሽላ ይታገሣል። የደረቀ እህል በደረቅ ጉድጓድ ገብቶ አፉ በደንብ ከተደፈነ ለወራት ይቆያል፤ አገዳውም ለከብት መኖና ለማገዶ ይሆናል። ችግሩ ጉልበት ነው፤ አረሙና ኩትኳቶው ደቦ ይፈልጋል፣ ደቦ ደግሞ «ርቀታችሁን ጠብቁ» ሲባል ይሳሳል። ቤተሰብ የበዛለት ይወጣዋል፣ ብቻቸውን ያሉ አረጋውያን ግን ይቸገራሉ።

እኔ ጫቱን ንቀሉ አልልም። በጫት ረድፎች መካከል ማሽላ መዝራት በሐረርጌ የቆየ ልማድ ነው። የሚያሳስበኝ ያ ክፍተትም በጫት ሲሞላ ነው፤ ልጆች ያሉበት ቤት ቢያንስ እስከ ቀጣዩ አጨዳ የሚያደርስ እህል ከራሱ ማሳ ማግኘት አለበት።