ከ1960ዎቹ የጣሊያን ስፖርት መኪኖች የቱ ይሻላል፣ ኢሶ ግሪፎ ወይስ ላምቦርጊኒ 350 ጂቲ?

ሁለቱን የሚያገናኛቸው አንድ ሰው ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1961 ከፌራሪ የወጣው መሐንዲስ ጆቶ ቢዛሪኒ፤ ለላምቦርጊኒ ቪ12 (ባለ 12 ሲሊንደር) ሞተሩን ነደፈ፣ ለኢሶ ደግሞ ሻንሲውን።

350 ጂቲ በ1964 ወጣች፣ ሞተሯ 3.5 ሊትር፣ ቦዲዋን የሠራው የሚላኑ ድርጅት ቱሪንግ፣ ብዛቷ 120 ብቻ። ድምጿ ልብ ይሰርቃል፣ ግን ነዳጅና አየር የሚቀላቅሉትን ስድስት ዌበር ካርቡራተሮች እኩል አርጎ የሚያስተካክል መካኒክ ማግኘት ራሱ ፈተና ነው።

እኔ ግሪፎን ነው የምመርጠው። ፍሪጅና ስኩተር ይሠራ የነበረ ድርጅት ነው ያወጣት፣ ዲዛይነሩ ጁጃሮ በርቶኔ የሚባለው ቦዲ ሠሪ ድርጅት ውስጥ እያለ የሳላት፣ ኮፈኑን ስትከፍተው ግን የአሜሪካኑ ኮርቬት 5.4 ሊትር ቪ8 ነው ቁጭ ያለው፣ በዚህ የሚንቋት አሉ እኔ ፈጽሞ አልስማማም ምክንያቱም ረጅም መንገድ እንዲሄድ የተሠራ መኪና ሞተሩ የማያስቸግር መለዋወጫውም የሚገኝ መሆን አለበት። ከ400 ትንሽ በለጥ ብላ ተሠርታ በ1974 ቆመች፣ ኢሶም አብሮ ከሰረ።