አልሸጥልሽም ያለኝ መጽሐፍ ሻጭ (ሀዋሳ)

ሱቁ ስም አለው መሰለኝ፣ ግን ታፔላው በፀሐይ ነጥቶ ምንም አይነበብም። ከገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ብዙ አይርቅም፤ ባጃጆች ከሚሰለፉበት ገባ ብላ ያለች ጠባብ ቤት ናት። ፊት ለፊት ነጠላ፣ ጧፍ፣ ማዕተብ፣ ሥዕል። ከኋላ እስከ ጣሪያ መጽሐፍ። ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። የዕጣኑ ሽታ ገና በሩ ላይ ያስነጥሳል፣ የገዛችሁት መጽሐፍ ደግሞ ቤት ገብቶም ለሳምንት ዕጣን ዕጣን ይላል። (እኔ ወድጄዋለሁ።)

ምን ልገዛ ሄድኩ? አንድ ስብከት ላይ «ከእግዚአብሔር ጋር አንድ መሆን» የሚል ነገር ሰማሁና አልለቅ አለኝ። ሁላችንም እንለዋለን እኮ፣ ግን ምን ማለት ነው? ተዋሕዶ ስንል ስለ ክርስቶስ መሆኑን አውቃለሁ፤ መለኮትና ሥጋ ያለ መቀላቀል፣ ያለ መለያየት አንድ መሆናቸው ነው። እኔና እሱስ? ጓደኛዬን ጠየቅኳት። እሷ መካነ ኢየሱስ ያደገች ናት። «ኅብረት ነው፣ ጠዋት ጠዋት ጥሞና ያዢ፣ ይገባሻል» አለችኝ። ያዝኩ። በሦስተኛው ቀን መጽሐፍ ቅዱሱን ታቅፌ እንቅልፍ ወሰደኝ። ከዚያ የሆነ ሰው «ማር ይስሐቅ የሚባለውን መጽሐፍ አንብቢ፣ ሁሉም እዚያ አለ» አለኝ። ጓደኛዬን አስከትዬ ሄድኩ።

ሻጩ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ድሮ የአብነት ተማሪ የነበሩ ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ ማር ይስሐቅ አለ?»

«አለ።» እጃቸው ግን አልተንቀሳቀሰም። «ለማን ነው?»

«ለራሴ።»

«ትቆርቢያለሽ?»

ጫማ ልገዛ ገብቼ እግርሽን ታጥበሻል ወይ የተባልኩ ያህል ነው የደነገጥኩት። ሕፃን ሆኜ እቆርብ ነበር፤ ከዚያ እንደ ብዙዎቻችን ሳድግ ተውኩት፣ ወይ ሳገባ ወይ ሳረጅ እያልኩ። «አይ፣ አሁን እንኳ...» ብዬ ቀረሁ።

«እንግዲያው አልሸጥልሽም» አሉኝ። ቁጣ የለበትም፣ ስኳር አልቋል እንደሚል ባለሱቅ ነው ያሉት።

ጓደኛዬ ሳቀች። እኔ ልወጣ ነበር። ግን ሰውየው ባዶ የጧፍ ካርቶን ገልብጠው በእስክሪብቶ መሰላል ይስሉልኝ ጀመር፤ ሰው በመንፈሳዊ ሕይወት የሚወጣው አሥር ደረጃ። ማር ይስሐቅ በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነነዌ ጳጳስ የነበረ ሶርያዊ ነው፣ የጻፈውም በገዳም ላሉ ነው፣ እኛ ዘንድ ከመጻሕፍተ መነኮሳት አንዱ ነው፣ በመምህር ነው የሚነበበው አሉኝ። ከታች ሦስቱ የንጽሐ ሥጋ (የሥጋ ንጽሕና) ናቸው፦ ጽማዌ፣ ልባዌ፣ ጣዕመ ዝማሬ። አራቱ የንጽሐ ነፍስ፦ አንብዕ፣ ኩነኔ፣ ፍቅር፣ ሑሰት። ከላይ ሦስቱ የንጽሐ ልቡና፦ ንጻሬ መላእክት፣ ተሰጥሞ ብርሃን፣ መጨረሻ ነጽሮተ ሥላሴ፣ ሥላሴን ማየት። አንቺ የፈለግሽው ላይኛውን ነው አሉና በእስክሪብቶው ጫፍ ታችኛውን ነካ ነካ አደረጉት። «ጽማዌ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ዝምታ ነው። መጀመሪያ አፍ ይዘጋል።»

እዚህ ላይ ጓደኛዬ ከሳቅ አልፋ ተንፈቀፈቀች። ታውቀኛለች።

እሷንም አልዘለሏትም። ጴንጤ መሆኗ ገብቷቸዋል፣ አንገቷ ላይ ማዕተብ የለም። ክርክር ውስጥ ይገባሉ ብዬ ስሳቀቅ ዮሐንስ 15ን አወጡላት፣ የወይኑን ግንድና ቅርንጫፎቹን። «ቅርንጫፍ የራሱ ሥር የለውም፣ ግንዱ የጠጣውን ነው የሚጠጣው» አሏትና ዝም አሉ። እሷም ዝም አለች። ስንወጣ «ሰውዬው ግን...» ብላ አልጨረሰችውም።

ለእኔ የሰጡኝ ግእዙንና አማርኛውን ጎን ለጎን ያደረገ መጽሐፈ ቅዳሴ ነው። መጀመሪያ ቅር አለኝ። ቅዳሴ አይደል፣ ከልጅነቴ የሰማሁት! ውስጡ 14 ቅዳሴያት አሉ፣ እሳቸው የሐዋርያትን ከፍተው አንድ ቦታ ወረቀት ሰኩበት። ማታ ቤት ገብቼ አየሁት። «ሀበነ ንኅበር በዘዚአከ መንፈስ ቅዱስ።» ካህኑ ሲሉት ሕዝቡ የሚቀበለው፣ እኔ ልጅ ሆኜ እናቴ ጎን ቆሜ በዜማው ብቻ የማውቀው፣ ትርጉሙን አንድም ቀን ጠይቄ የማላውቀው። በመንፈስ ቅዱስህ አንድ እንሆን ዘንድ ስጠን፣ በዚህም ቁርባን ፈውሰን፣ በአንተ ለዘለዓለም እንኖር ዘንድ ማለት ነው ለካ። ስፈልገው የከረምኩት ነገር ቃል በቃል እዚያ ተቀምጧል። ደግሞ «ልሁን» አይልም፣ «እንሁን» ነው የሚለው። እኔ እኔና እሱ ብቻችንን፣ በር ዘግተን፣ በጠዋት ሻይ ነበር ያሰብኩት። ጸሎቱ ግን ከኋላዬ የሚያለቅሰውን ሕፃንም፣ ቆሞ የሚያንቀላፋውን ሽማግሌም አስገብቶታል። ትቆርቢያለሽ ወይ ያሉኝም ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ፤ ዮሐንስ 6፥56 ላይ በእኔ ይኖራል እኔም በእርሱ የሚለው ሥጋውን ለሚበላና ደሙን ለሚጠጣ ነው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። አንደኛ፣ ዋጋ የሚባል ነገር አልተለጠፈም፣ ሁሉንም ጠይቃችሁ ነው። ዝርዝር የላቸውም፣ ቴሌብር ግን ይቀበላሉ። ሁለተኛ፣ በሩ ላይ ያለው ስፒከር። መዝሙሩ ጥሩ ነው፣ ድምፁ ግን ከመጠን በላይ ነው፤ ስለ ዝምታ እንኳ እየጮኹ ነበር ሊያስረዱኝ የተገደዱት። ሦስተኛ፣ የሚከፈትበት ሰዓት አይታወቅም። ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ፤ አንዴ ቀብር ሄደው፣ አንዴ ለምን እንደሆነ እንጃ። ታኅሣሥና ሐምሌ 19 ላይማ ለንግሥ በሚመጣው ሕዝብ ብዛት መንገዱን ማለፍም አይቻልም፣ እንዳትሞክሩት።

አራተኛው የሱቁ ጥፋት አይደለም፣ የማተሚያ ቤቱ ነው። መጽሐፉ በወሩ ገጹ መርገፍ ጀመረ። መጀመሪያ የወለቀው ደግሞ ያው ወረቀት የተሰካበት ገጽ ነው! ይዤላቸው ስሄድ አልተከራከሩኝም፣ ኮላ አውጥተው እዚያው ለጠፉልኝ፣ በላዩ የዕጣን ቆርቆሮ ጭነውበት ሻይ አስመጡልኝ። ሌላ ቅጂ ቢቀይሩልኝ ይሻል ነበር፤ ግን ሻዩ ጥሩ ነበር።

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ። አንዱን ያስቀረሁት ለስፒከሩ ነው።

ኮላው እስኪደርቅ ስለ ሁሉም ነገር አወራኋቸው። ንስሐ አባት መያዜን፣ ንኅበር የምትለዋን፣ ጓደኛዬን፣ መሥሪያ ቤቴን፣ የባጃጅ ዋጋ መጨመሩን። በመጨረሻ «ጋሼ፣ አሁንስ ማር ይስሐቅን ይሸጡልኛል?» አልኳቸው። ቀና ብለው መደርደሪያውን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ።

«ጽማዌው እንዴት ነው?» አሉኝ።

መጽሐፉ እስካሁን እዚያው ነው፣ ከላይኛው መደርደሪያ በስተቀኝ።